ሰማሁት ያልኳቸው ዘፈኖች

የባሌን ታላቅ እህት ሰፈሩ ሁሉ «የጆሮ ሐኪሟ» ይላታል። ሐኪም አይደለችም። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ጆሮ እየለካች የመስሚያ መሣሪያ የምትገጥም ባለሙያ ናት። «ሐኪም አይደለሁም» ብላ ብላ ሲሰለቻት ተወችው። እኔ እትዬ ነው የምላት።

እኔ ደግሞ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነኝ፤ ምድር ቤት ውስጥ፣ በእንፋሎት መሀል ነው የምውለው። ቁጡ ነኝ። ይሄን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴው ብትሰሙት ይሻላል።

እትዬ አላገባችም፣ አልወለደችም። «ምነው?» ላላት ሁሉ «ዘፈን ስሰማ ጊዜው አለፈ» ትለዋለች። ቀልዷ ነው፤ ግን ብዙም ቀልድ አይደለም። የምትወዳቸው ዘፈኖች ደግሞ ሰው የሚያውቃቸው እንዳይመስላችሁ። ባለፉት አምስት ስድስት ዓመታት የወጡ፣ ኩባንያ የማያውቃቸው ልጆች በየመኝታ ቤታቸውና በየወጥ ቤታቸው የቀረጿቸው ናቸው። «ኢንዲ ፖፕ ይባላል» አለችኝ አንድ ቀን።

«በሽታ ነው መድኃኒት?»

«እንደ አወሳሰዱ ነው» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

በየማለዳው አንድ ዘፈን በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ትልካለች። ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ ሁለት መስመር ትጽፋለች። «ይቺ ልጅ የምትዘፍነው ስለ ተከራየችው ክፍል ጣራ ነው፤ ስትሰሙት ቀና በሉና ጣራችሁን እዩ» ትላለች። ወይም «የዚህ አልበም አራተኛው ላይ ከበሮው ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ቸኩላችሁ እንዳታጠፉት» ትላለች። እኛ ልብ እንልክላታለን። ባሌ ሁለት ልብ ይልካል፤ ወንድም አይደል!

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከእኛ ቤት ስትወጣ ልሸኛት ተነሣሁ። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችና ቆመች።

«ጆሮዬ እየሄደ ነው» አለችኝ።

«ምን?»

«ራሴን ለካሁት። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁት፤ ሦስቴ ለካሁት። ከቀጫጭኑ ድምፅ ጀምሮ እየተሸረፈ ነው።»

«ታዲያ መሣሪያ አለሽ አይደል እንዴ! ለስንቱ ገጥመሻል!»

«መሣሪያው ወሬ ያሰማል። ዘፈን ግን ለብዙዎቹ ቆርቆሮ ይሆንባቸዋል፤ እነሱው ናቸው የሚነግሩኝ።» ከዚያ በቀስታ «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «እነዚህን ዘፈኖች ከእኔ ጋር የሚያውቃቸው አንድ ሰው። እኔ መስማት ሲያቅተኝ ‹ያቺ ቦታ ትዝ ትልሻለች?› የሚለኝ አንድ ሰው። ለሌላው እንዳትናገሪ፤ ከአሁኑ ከንፈር እንዲመጡልኝ አልፈልግም።»

«እኔ አለሁልሽ አይደል!» አልኩ። ደረቴን መትቼ ነው ያልኩት።

አልሰማሁም። ምን ላድርግ፣ እውነቱን ልናገር እንጂ። ጠዋት ልጆች አሉ፣ አውቶቡስ አለ፣ ማታ እግሬ አብጦ ነው የምገባው። መጀመሪያ «ነገ እሰማዋለሁ» እያልኩ አቆየሁት። ከዚያ ሳልሰማ «ደስ ይላል» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያም «ድምፁ አንጀት ይበላል» አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት። እሷ ግን እያመነችኝ ጽሑፏን ታረዝመው ጀመር፤ ለእኔ መሆኑን አውቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሥሩ ምንም ያልተጻፈበት ዘፈን ላከች። ባሌ ሁለት ልቡን ላከ። የእትዬና የባሌ አጎት «ዕድሜ ይስጥሽ፣ የወጣትነቴን ዘመን አስታወስሽኝ» አሉ። የአጎታቸው ልጅ «ዜማው!» ብላ ጻፈች። እኔ አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ፣ በአውራ ጣቴ «እትዬ፣ ግጥሙ አስለቀሰኝ» አልኩ።

ወዲያው መለሰች። «የትኛው ስንኝ?»

ደነገጥኩ። ያኔ ከፈትኩት። «ጢጥ» ይላል። ዝም። እንደገና «ጢጥ»፤ ቀጠን ያለ። እንደገና «ጢጥ»። የሰው ጆሮ የምትለካበት የመሞከሪያ ድምፅ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ወደ ሥራ ቦታዋ ኮምፒውተር ልትልከው ስትል እጇ ስቶ ወደ እኛ ላከችው። ከእሷ ሌላ ስድስት ሰው ነን፣ ስድስታችንም አድንቀናል። አልቃሿ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ተናደድኩ። «ምን፣ ፈተና ነው እንዴ! ሰው በሥራ ተወጥሮ...» እያልኩ አንሶላውን ሳላጋው ዋልኩ። ማታ ለባሌ ስነግረው ሳቀ። ሳቁ አበሸቀኝ፤ የማውቀውን እሱ አያውቅም፣ ልነግረውም አልችልም። እሷን ብጠብቅ አንድም ቃል የለም። ረቡዕ ጠዋት ዘፈን አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም። በሳምንቱ ግሩፑ ውስጥ የቀረው የአጎታቸው የአየር ጠባይ ዜና ብቻ ሆነ። ማንም «ዘፈኑስ?» አላለም። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

በስምንተኛው ቀን አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ሰካሁና ወደ ኋላ ተመልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ማድረቂያዎቹ በክብ መስኮታቸው ውስጥ ነጭ በነጭ እያገላበጡ ይዞራሉ። አንሶላው ሲወጣ ይሞቃል። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እንራራቃለን፣ ተራምደን እንገናኛለን፣ አጥፈን እንመለሳለን። አሥራ አንድ ዓመት ያደረግኩት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን እግሬ ከዘፈኑ ጋር መሄዱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ስለ ጣራ የምትዘፍነዋ ልጅ መጣች። ቀና አልኩ። የምድር ቤታችን ጣራ ቧንቧ ብቻ ነው፤ ላብ ያንጠባጥባል። ልጅቱ እያንሾካሾከች ስትዘፍን ቧንቧዎቹ የሆነ ሩቅ አገር የሚሄዱ መንገዶች መሰሉኝ፤ በአንዱ ላይ እየተጓዝኩ ቆየሁ።

«ኧረ ያዢው!» አለችኝ አብራኝ የምታጥፈው። «ፍቅር ያዘሽ እንዴ?»

«አዎ» አልኳት።

«ከማን?»

«ሦስት መቶ ሰባ ሦስት ናቸው።»

«ወይ ጉዴ! ለባልሽ አልነግርም» ብላ ጫፉን ሰጠችኝ።

አራት ቀን እንደዚያ ዋልኩ። እንፋሎቱ ውስጥ ገብቼ ስወጣ ሰው ጠርቶኝ ከሆነ አላውቅም። ከበሮው ዘግይቶ የሚገባበት ዘፈን ላይ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤ እውነቷን ነው፣ ቸኩሎ ያጠፋው ሰው ምንም አልሰማም። አንድ ሰውዬ ደግሞ በር ላይ ተሰቅሎ ስለቀረ የእናቱ ካፖርት ይዘፍናል። ቤታችን በር ላይ ማንም ካፖርት አልሰቀለም፤ እኔ ግን አውቶቡስ ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ ሁለት ፌርማታም አለፈኝ። በእግሬ ስመለስ መብራቱ፣ አስፋልቱ፣ የሱቆቹ መዝጊያ፣ ሁሉም በቀስታ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ይሄን ሁሉ በኪሴ ይዤ አንድ ዓመት እንደ ሞኝ መዞሬ ቆጨኝ።

መጨረሻ የሰማሁት እሷ ከሁሉ አስበልጣ የምትወደውን አልበም ነው፤ «ዝናብ ያልቆመበት ሰኞ» ይባላል፣ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ። ሁለት እህትማማቾች በወጥ ቤታቸው የቀረጹት ነው። የመጨረሻውን ዘፈን ስልክ ባነሣች ቁጥር ስታንጎራጉረው ስለኖረች ሳላውቀው አውቀው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ደረጃውን ወጣሁ። በትንሽ ብሩሽ መሣሪያዎቹን እያጸዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«የትኛው ስንኝ ነበር?» አለች።

«እትዬ፣ ዋሸሁሽ። አንዱንም አልሰማሁም ነበር። ደረጃው ላይ ቃል ገብቼልሽ ነው የዋሸሁሽ።» «አሁን ሰምቻለሁ። ሦስት መቶ ሰባ ሦስቱንም።»

«ተይው። የሚያስገድድሽ የለም።»

«ማንም አላስገደደኝም!» ጮኽኩባት፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ። «ጠይቂኝ! መለካት ሥራሽ አይደል? ለኪኝ!»

ብሩሹን አስቀመጠች። ስለ ካፖርቱ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከበሮው ስንተኛው ምት ላይ እንደሚገባ ጠየቀችኝ፤ ጠረጴዛውን እየመታሁ አሳየኋት። ፊቷ ቀስ እያለ ተፈታ። ወንበር ሳበችልኝ። «የእህትማማቾቹስ? የመጨረሻው?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተቀየረ።

«እሱማ! ታላቅየዋ ጀምራ ታናሽየዋ የምትቀበላት ቦታ። ደግሞ እነዚያ ወፎች!»

«የምን ወፎች?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚንጫጩት ናቸዋ። መስኮቱን ከፍተውት መሰለኝ የቀረጹት።»

«ወፍ የለበትም» አለች። «ያንን ዘፈን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

«አለበት፣ እትዬ።»

ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀች፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታ ዘፈኑን አስነሣች። ከእሷ ጆሮ አልፎ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፤ ወፎቹም ይሰማሉ። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልቅ ሰማች። ስትጨርስ ፊቷ ነጥቶ ነበር።

«የሉም» አለች።

ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ በሆዴ። ልታጽናኑት የሄዳችሁትን ሰው እንዲህ ማድረግ አለ?

እሷ በጣቷ ትቆጥራለች። «ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ያወቅኩት ባለፈው ዓመት... እንግዲህ ያኔም ወፎቹ አልነበሩኝም። ገና ሲወጣ ጀምሮ።» ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፤ ወዲያውም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቀች። «ግማሹን ሰምቼ ነው እንዲህ ያበድኩለት?»

«እትዬ...»

«በይ ግማሹን ስጪኝ።»

ወንበሬን አዙራ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ። ዘፈኑን ለሁለታችንም አስነሣች፤ ለእሷ በትልቁ፣ ለእኔ በትንሹ። «ሲንጫጩ እጅሽን አንሺ፣ ዝም ሲሉ አውርጂ» አለችኝ፣ ደንበኛዋን እንደምታዝዝ ኮስተር ብላ።

ዘፈኑ ጀመረ፤ እጄን አነሣሁ። ወፎቹ ዝም ሲሉ አወረድኩ። አንዷ ወፍ ብቻዋን ስትቀር በጣቴ አሳየኋት። እትዬ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም፤ ከንፈሯ ከእህትማማቾቹ ጋር ይዘፍናል። ሲያልቅ «እንደገና» አለች። ከታች ደንበኛ ደረጃውን ሲወጣ ይሰማኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። ቀኝ እጄ ሲዝል በግራዬ ቀየርኩ።