ጽጽቃ ቀርቷል የተባለው ስልኬ

እህል ስገዛ የጆንያ አፍ አላምንም። ላይ ላዩ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ከሥሩ ዘግኜ ካላየሁ ዋጋ አልጠራም። በዚያ የገበያ ቀን ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ አንድ አዛውንት ስንዴ አቀረቡልኝ። እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ዘገንኩ።

«እርጥበት አለው፣ አባቴ።»

«እርጥበቱ ያንተው ላብ ነው» አሉኝና ከጎኔ ሱቅ ላለው ጎረቤቴ ሸጡለት።

ያለ ስንዴ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቼ የኮቴን የደረት ኪስ ስዳብስ ያለ ስልክም ቀርቻለሁ።

ቀኑን መርጦ ነው የጠፋው። ከደሴ የሚመጣ ማር ገዢ በአይሱዙው የሚያልፍበት ቀን ነበር። ሱቄን አያውቀውም፤ «እደውላለሁ፣ ካላነሳህ መንገዴን እቀጥላለሁ» ብሎኛል። ትናንት ጽጽቃ ድረስ ሄጄ የሰበሰብኩት ማር በባልዲ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

ጎረቤቴ ስልኩን አዋሰኝ። ስደውል ይጠራል፣ ግን ድምፅ የለም። ጠዋት ቅዳሴ ስገባ ድምፁን ዘግቼ በንዝረት ብቻ ትቼው ነበር፤ አንድ ቀን ጨዋ ብሆን ይኸው ተከፈለኝ።

«የጠፋ ስልክ የሚፈልግ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አለ» አለ ጎረቤቴ። «ድምፁ ቢዘጋም ያስጮኸዋል።»

ከፈትነው። ገጹ ለኮምፒውተር የተሰፋ ስለሆነ ግማሹ ከስልኩ ጠርዝ ውጭ ቀረ። መጀመሪያ መተግበሪያውን አውርዱ አለን፤ እምቢ አልነው። የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ቀጥሎ፣ እኔ እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ ስልክህ ላይ መልእክት ልከናልና «አዎ» በል አለኝ። የትኛው ስልኬ ላይ? የጠፋው ላይ። ስልኩ በእጄ ቢኖር የሰው ካርድ ስጨርስ ምን አስዋለኝ?

ሌላ መንገድ ምረጥ የሚል የጉንዳን እግር የሚያህል ጽሑፍ ከታች አገኘን። ብዙ ደጅ ካስጠናን በኋላ ካርታ አወጣ።

«ተገኘ» አለ ጎረቤቴ። «ጽጽቃ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት እኮ በሱ ከሚስቴ ጋር አውርቻለሁ።»

«እና ካንተና ከሳተላይቱ ማንን ልመን?»

ነገሩ ገባኝ። ጽጽቃ ላይ ዳታ ከፍቼ ነበር፤ እንዳይበላብኝ ወዲያው ዘጋሁት። ገጹ የሚያውቀኝ እስከዚያች ድረስ ብቻ ነው። ማስጮኺያውን ብንጫነው ስልኩ ከመስመር ውጭ ነው አለን። ዳታ ቆጥቤያለሁ፣ ተመስገን።

ጎረቤቴ ካርዱ ማለቁን አይቶ ስልኩን ነጠቀኝና ወደ ሱቁ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱን አጥቁሮ ጠራኝ።

«ሽማግሌው ነቀዝ ሸጡልኝ። ና ስማው።»

እኛ ነቀዝን በጆሮ ነው የምንለየው። ጆሮዬን ጆንያው ላይ ለጠፍኩ። ያጉረመርማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያጉረመርማል። አርፎ አርፎ የሚበላ ነቀዝ ገጥሞኝ አያውቅም።

ቀና ስል ጎረቤቴ ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል። ክንዱን እስከ ብብቱ ከትቶ ስልኬን ከነስንዴው አወጣው። ለባለቤቱ መስጠት ሲገባው ጥሪውን ራሱ አነሳው።

«አዎ፣ ማሩ አለ» አለ ለገዢው። «ሁለት ሱቅ ነን፣ ጎን ለጎን። መጀመሪያ የምታገኘው የኔን ነው።»

ገዢ ያጣ የከረመ ማር ጎረቤቴ ጓዳ እንዳለ አውቃለሁ። አይሱዙው ሲመጣ የሱን ጭኖ ጨረሰ፤ በተረፈው ቦታ ከኔ ግማሹን ወሰደልኝ። የቀሩትን ባልዲዎች ወደ ውስጥ ስመልስ አዛውንቱ አህያቸውን እየነዱ በደጄ አለፉ።

«ስንዴው ደረቀልህ?» አሉኝ።