የምንጩ ከፍታ

አምቦ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በእግሬ ነው። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ቦርሳዬን አንግቼ ተራራ ለተራራ ስለምዞር ባልደረቦቼ «የጠፋብህ ከብት አለ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፍታ የሚለካ ያገለገለ የስፖርት ሰዓት ገዛሁ። ባትሪው ደካማ ነበርና ቁጠባው ራሱ ሱስ ሆነብኝ። ጂፒኤሱ በርቶ ከዋለ አንድ ቀን አይሞላም። እሱን ዘግቼ ከፍታውን በአየር ግፊት ብቻ እንዲለካ ካደረግሁት፣ ማታ ደግሞ ጨርሶ ካጠፋሁት፣ አራት ቀን ያስኬደኛል። ይህንን ሳልጠየቅ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አስረዳ ነበር።

የሚስቴ ወላጆች ከሸነን ወጣ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። እናቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም በየቀኑ ወንዝ ወርደው ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ይወጡ ነበር። በኋላ የመንደሩ ሰው ከምንጭ ውሃ በቱቦ ሊጠልፍ ተነሳ። ቱቦውን የሚሰጥ ተገኝቷል፤ መቅበሪያውን በደቦ መቆፈር የእነሱ ድርሻ ነው። የቸገራቸው የትኛው ምንጭ ከመንደሩ በላይ እንደሆነ ማወቅ ነበር፤ መሃል ላይ ጥልቅ ሸለቆ ስላለ በዓይን አይለይም። የሚስቴ አባት ሰዓቴን አስታወሱና «ባርሲሳው ይለካልናል» ብለው በሰው ፊት ቃል ሰጡ። ባርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

እሳቸውና ሁለት ሽማግሌዎች መሩኝ። ደጃፋቸው ላይ ሰዓቱን ለመነሻ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ብዬ ሞላሁትና ወጣን። ሦስት ምንጮች፣ ሦስት ቀን፣ ማደሪያችን ዘመድ ቤት። ሁለቱንም ምሽት ሰዓቱን አጥፍቼ፣ ብርድ ባትሪውን እንዳይበላው ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬ ተኛሁ። ሁለቱንም ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። የመጀመሪያው ምንጭ ከመንደሩ በታች ሆነ፣ ሁለተኛው የሚንጠባጠብ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ለመንደሩ የሚቀርበው ምንጭ ደረስን፤ ውሃው ደግሞ ብዙ ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። «አሥራ ሁለት ሜትር ይበልጣል፣ ይወርዳል» አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት እዚያው ቆመው እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ውሃውን መረቁ፣ መንደሩን መረቁ፣ አሥራ ሁለቱን ሜትርም መረቁ። ሌሎቹ በየመሃሉ «ሃ ታኡ» እያሉ ተቀበሉ፣ ይሁን ማለታቸው ነው። እኔም አብሬ አልኩ። በዚያ አገር የተመረቀ ነገር አለቀለት፤ ማንም ተመልሶ አይነካውም።

ከሰዓት በኋላ የሚስቴ ወላጆች ደጃፍ ተመልሼ ጫማዬን ስፈታ ሰዓቱ ላይ ዓይኔ አረፈ። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አንድ። ያው ደጃፍ ነው፤ አራት መቶ ብዬ የተውኩት። ዝናብ ሲመጣ የአየር ግፊት ይወርዳል፣ ሰዓቱ ደግሞ ሽቅብ የወጣን ይመስለዋል። ለዚህ ነው መንገደኛ ማታ ያደረበትን ቤት ከፍታ ይዞ ጠዋት የሚያስተያየው፤ ቤት ሌሊት ተነስቶ አይሄድማ። እኔ አጥፍቼው ስለተኛሁ የማስተያየው አልነበረኝም። ሠላሳ አንዱ ሲቀነስ ምንጩ ከመንደሩ በላይ አልነበረም፣ በታች ነበር። ይህንን የአየር ግፊት ነገር ዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ባትሪው ግን ከግማሽ በላይ ቀርቶታል፤ ለማን እንደቆጠብኩት እንጃ።

ቀና ስል የሚስቴ አባት ለጎረቤት የምስራቹን እየነገሩ ነው። እናቷ በር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ይስቃሉ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዝም አይነቅዝም አልኩ በሆዴ፤ ምናልባት አሁን የተሳሳተው ሰዓቱ ይሆናል፣ ምንጩ ጋ ትክክል ነበር ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። በማግስቱ አምቦ ገባሁ።

ደቦው በየቅዳሜው ሁለት ወር ፈጀ። ቱቦው ተቀብሮ ውሃው የተለቀቀ ቀን ተጠርቼ ሄድኩ። መንደሩ ሁሉ ባዶ ጄሪካኑን ይዞ ተሰልፏል። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሸለቆው ውስጥ ያለውን መጋጠሚያ ሲፈቱት ግን ውሃው ሰው ገፍትሮ ወጣ፤ እዚያ ድረስ ወርዷል፣ ወደ መንደሩ መውጣት ነው ያቃተው። አንዱ ዞር ብሎ አየኝ። የሚስቴ አባት ቀደም ብለው «ምድሩ ይሆናል እንጂ ባርሲሳው አይሳሳትም» አሉ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

ቧንቧውን ውሃው እስከሚደርስበት አወረዱትና ከመንደሩ በታች ያለው ዳገት ሥር ተከሉት። ባለፈው ክረምት ሄጄ እናቷን እዚያ አገኘኋቸው። ጄሪካኑን ልቀበላቸው ብል እንቢ አሉ፤ ሰው ምን ይለኛል፣ አማች ውሃ አይሸከምም። ዳገቱ መሃል ላይ ሲደክማቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጋላቶሚ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። «ድሮ እስከ ወንዙ ነበር፤ አንተ አቀረብክልኝ።» ትንፋሻቸው ሲመለስ «ይሄ ዳገት በሰዓትህ ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሃያ ሁለት ሜትር ነው፣ እማማ።»

«ይህቺው ናት?» አሉ። «እኔ እኮ ብዙ ይመስለኝ ነበር። ጉልበቴ ነው እንግዲህ የሰነፈው።»

ጉልበትዎ አይደለም፣ እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ጄሪካኑን አስተካክለው ተነስተዋል፤ ባዶ እጄን ከኋላቸው ተከተልኳቸው።