ጥሎሹን የጠቀለልኩበት በርኖስ

በጥር፣ የወንድሜ የተሰማ ሰርግ ጠዋት፣ አባባ «በርኖሴን ያየ ሰው አለ?» እያሉ ግቢውን ሲዞሩ... እኔ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። በርኖሱ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሙሽራዋ ለአስካለ የሚሄደው ጥሎሽ የብር አልቦና ጉትቻ ነው። ብሩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም... ግን መዳፍ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የአስካለ ዘመዶች የሠራተኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ጥሎሽ ሲታይ «ይኸው ነው?» ብለው ሰው ማሸማቀቅ ይወዳሉ አሉ። ተሰማ ይህን ከሰማ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎታል። ወንድሜ አሳዘነኝ።

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለው የግሪኩ ሱቅ ውስጥ ስጦታ ሲጠቀለል አይቻለሁ። ሚጢጢዬ ሽቶ በወረቀት ተጠቅልላ፣ በጥብጣብ ታስራ ስትወጣ የንጉሥ ዕቃ ትመስላለች። እኛ ቤት ጥብጣብ የለም። ግን ሌላ ዕቃ ሞልቷል አይደል?

አልቦና ጉትቻውን ሙዳይ ውስጥ ከተትኩ። ሙዳዩን ስኳር በመጣበት ሰማያዊ ወረቀት ጠቀለልኩት። አፉ ላይ የጧፍ ሰም አንጠባጥቤ በእማዬ ቀለበት ማኅተም መታሁበት። ከዚያ በእማዬ የሐር ሻሽ... ከዚያ ለበዓል ብቻ በምትለብሰው ጥበብ ኩታዋ... ከዚያ በአባባ በርኖስ። ዙሪያውን በራሴ ቀይ መቀነት አሰርኩና ቋጠሮው ላይ የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ የጭራ ላባ ሰካሁበት። ዶሮው በውዴታው አልሰጠኝም።

ሲያልቅ ሙክት አከለ። ሚዜው ተሸክሞት ሲሄድ የአራዳ ሰው መንገድ እየለቀቀለት ነበር።

ሐሳቤ ቀላል ነው። ሚዜው እየፈታ መጠቅለያውን ቀስ ብሎ ለእኔ ያቀብለኛል፣ ሙዳዩ ይታያል፣ እኔ ልብሱን ታቅፌ ወደ ቤቴ። ለሚዜውም ነግሬዋለሁ።

እሙሽራዋ ቤት ደርሰን ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ ግን አጎታችን ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ። «እኔ ቆሜ ጥሎሽ ልጅ አያሳይም» ብለው ጥቅሉን ከሚዜው እጅ ወሰዱት። ለእሳቸው የነገራቸው የለም። ጥሎሽ ሲታይ ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ ከፍ ተደርጎ ስሙ ይጠራል። በሰው ፊት ከተጠራ የሙሽራዋ ነው፣ አለቀ።

መጀመሪያ ላባውን ነቅለው አነሱ። ትንሽ ግራ ገባቸው።

«ላባ» አሉ።

«የሰጎን ነው» አለች የሙሽራዋ አክስት አጠገቧ ላለችው።

«መቀነት!» አሉ ጋሽ ወልዴ። እልል ተባለ። «በርኖስ!» ሲሉማ ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

አባባ ከፊት ነው የተቀመጡት። በርኖሳቸውን ከሰው ራስ በላይ ሲውለበለብ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «የኔ ነው» ቢሉ ልጃቸው በአማቶቹ ፊት መሳቂያ ሊሆን ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለልጄ ምን ይበዛባታል» አሉ፣ ዓይናቸው እኔን እየጠበሰ።

ኩታው ወጣ። ሻሹ ወጣ። ሰማያዊውን ወረቀት እንኳ አጥፈው አስቀመጡት። አልቦው ሲደርስ ልብ ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ «ይኸው ነው?» ያለ አንድም የለም። ተሰማ ሲስቅ ዋለ... እኔ ግን ወደ ቤት መመለሱ ጨነቀኝ።

ቤት የቀረችው እማዬ ነገሩን ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች።

«ለቅልቅል የሙሽራዋ ዘመዶች እዚህ ሲመጡ ምን ለብሼ ልቀበላቸው ነው? ይህችን ልጅ ከዓይኔ አርቁልኝ» አለች።

መልሱልን አይባል ነገር። ጥሎሽ አስመላሽ ተብሎ አራዳ ውስጥ ማን ይኖራል? አባባ ጠዋት ጠዋት በጋቢ ተጠቅልለው ደጅ ይቀመጡና ያጉረመርማሉ። እያሳላቸው ይሁን እኔን እየሰደቡ መለየት አቃተኝ።

አስካለ እኛው ግቢ ነው የገባችው። ዝምተኛ ናት ተብለን ነበር። አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ የሚያመልጣት ነገር የለም። የአባባን ጋቢ አየች። እማዬ ባዶ ሣጥን ከፍታ ስትዘጋም አየች።

የቅልቅሉ ዕለት ጠዋት፣ ዘመዶቿ ከመድረሳቸው በፊት፣ ትልቅ ጥቅል ታቅፋ መጣች።

«አማቶቼ ቤት ባዶ እጄን መግባቴ ደስ አላለኝም» አለች ለአባባና ለእማዬ እጅ ነስታ። «ያው ከቤት የተገኘ ነው።»

ላዩ በርኖስ ነው። ቀጥሎ ኩታው። ቀጥሎ ሻሹ። ከሥሩ ያ ሰማያዊ ወረቀት፣ አፉ በሰም ታትሞ። ማኅተም አድርጋ የመታችበት አውራ ጣቷን ነው።

ውስጡ አንድ ሎሚ ነበር።

«እንዲህ ያለ ሎሚ በዕድሜዬ አላየሁም» አለች እማዬ፣ ሳቅና እንባ እየተናነቃት። አባባ ሎሚውን ዞር ብለውም አላዩት፤ በርኖሱን ደርበው ቆመዋል። ማንም ጥሎሽ አላስመለሰም፤ ምራት ለአማቶቿ ስጦታ ሰጠች፣ በቃ። ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ወገቧን አየሁ። ቀዩን መቀነቴን ታጥቃለች።

ጠጋ ብዬ «አስካልዬ... መቀነቱስ?» አልኳት።

«እሱማ ጥሎሼ ነው እትዬ» አለች አንገቷን እንደደፋች። «ላባውን ግን ለእርስዎ አስቀምጬልዎታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስጦታ የምጠቀልለው በኮባ ቅጠል ነው... ጋሽ ወልዴ ከፈለጉ ከፍ አድርገው ይጥሩት።