ያሸነፈ ይነሳ፤ ከመንደራ ቆጪ እስከ ላይፕዚግ

ከጅማ የወጣሁ ቀን እናቴ እኔን ስትፈልግ ነው የዋለችው። ቤቱ በዘመድ ጢም ብሏል፣ ዱዓ ሊያደርጉልኝ ከአጋሮ የመጡት አክስቶቼ ጨጨብሳውን በልተው ጨርሰዋል፣ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፤ እኔ የለሁም። የት እንዳለሁ ታውቃለች እኮ፣ ግን ቀልቧ አልፈቀደላትም፣ መጀመሪያ ጎረቤት ሁሉ ዞረች። በመጨረሻ ኦቦ ነጂብ ቤት መጥታ በር ላይ ቆመች። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ጆይስቲክ ይዣለሁ።

«አውሮፕላኑ እንደ ባጃጅ ቆሞ የሚጠብቅሽ መሰለሽ?» አለችኝ።

«እማ፣ እየተሸነፍኩ እኮ ነው። አሁን እንዴት እነሳለሁ?»

ለማያውቅ ሰው ይሄ መልስ እብደት ይመስላል፤ ስለዚህ ላስረዳችሁ። ኦቦ ነጂብ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ በእናቴ በኩል ይዛመዱናል። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። በአንዱ ግድግዳ ሁለት የስፌት መኪና፣ በሌላው ግድግዳ ሁለት ቴሌቪዥን፣ መሀሉን ሰው ሞልቶታል። ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱን ስፌት እንድማር ነበር እናቴ የላከችኝ። ስፌቱን እንደነገሩ ተማርኩ። ቴሌቪዥኖቹ ላይ የሚጫወቱትን የድብድብ ጌም ግን ነፍሴን ሰጥቼ ነው የተማርኩት።

በየትኛውም ጌም ቤት የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ እግሩን ዘርግቶ «ቀጣይ!» ይላል። ኦቦ ነጂብ ቤት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ያሸነፈ ይነሳል፣ የተሸነፈ ይቀመጣል። ያሸነፈው ደግሞ ዝም ብሎ አይነሳም፤ በምን እንዳሸነፈ ለተሸነፈው ነግሮ ነው ወደ ወረፋው መጨረሻ የሚሄደው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ሁሉም ይነጫነጫል። እኔም ተነጫንጫለሁ፣ «ታዲያ ማሸነፉ ምን ይጠቅመኛል?» ብያቸዋለሁ። እሳቸው ከመቀሳቸው ቀና ሳይሉ «የስፌት መኪናው ላይ የሚቀመጠው ማነው? መስፋት ያልቻለው። የቻለማ አጠገቡ ቆሞ ያሳየዋል» አሉኝ። ሕጉ ከሙያቸው የመጣ ነው እንግዲህ፣ ለኛ ብለው የፈጠሩት አይደለም።

ለመቀመጥ ሲል ሆን ብሎ የሚሸነፍ አልጠፋም። ኦቦ ነጂብ ይነቁበታል። ቅጣቱ የተማሪ ሸሚዝ ቁልፍ መትከል ነው፣ እኔም ተክያለሁ፣ አልዋሽም።

አንድ የገበያ ቀን ከአጋሮ አንድ ጎረምሳ መጣ፣ ኢድሪስ ይባላል። በአገሩ የሚችለው የለም። እኛንም በየተራ አራገፈን። ከዚያ እንደ ልማዱ ተደላድሎ ቁጭ አለ።

«ከኢ» አሉት ኦቦ ነጂብ፣ ተነስ ማለታቸው ነው።

«አሸንፌ?»

«አሸንፈህ ነዋ። ምን ቀርቶህ ነው የምትቀመጠው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ኢድሪስ ፊቱ ቀልቶ ተነሳ፣ ሚስጥሩንም እየተናነቀው ተናገረ። አስር ሰዓት ላይ ያቺን ሚስጥር ቤቱ በሙሉ ተምሯት በራሱ ዘዴ ወቃነው። ተናዶ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ በሳምንቱ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። ይሄው ነው የኦቦ ነጂብ ቤት፤ የምትሸሽገው ነገር ስለሌለህ ሁልጊዜ አዲስ ነገር መፈለግ አለብህ። ወላሂ፣ እንደዚያ የሚያስቅ ቤት አይቼ አላውቅም።

ወደ ጉዞዬ ልመለስ። አውስቢልዱንግ ለሚሉት፣ እየሠሩ ለሚማሩት ትምህርት ነው ጀርመን የመጣሁት፤ አረጋውያን መንከባከብ። ጀርመን ስደርስ ኤርፖርት ላይ አንዱ ፈታሽ ከሻንጣዬ ጆይስቲኬን አወጣ። መያዣው ተሰንጥቆ ስለነበር ኦቦ ነጂብ በቆዳ ጠቅልለው ሰፍተውልኛል፣ ስፌቱም እንደ ጥሩ ጫማ ነው።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ።»

«ለምን?»

«ተቀዶ ነበራ።»

አገላብጦ አየው፣ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው፣ ሁለቱም በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱ። ከዚያ ከልብሶቼ በላይ በጥንቃቄ አስቀመጠልኝ። ጀርመኖችን የወደድኩት ያኔ ነው፤ ጥሩ ሥራ ሲያዩ ያውቁታል።

ላይፕዚግ ደህና ከተማ ናት። ግን ዝናቡ ያናድዳል። የኛ ዝናብ ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ይሄዳል፤ የዚህ ሳይዘንብ ያረጥባል። ዳቦው ጥቁር ነው፣ ከበላሽው በኋላ እስከ ማታ አብሮሽ ይውላል። አቮካዶው የጅማን እንደ ሊጥ የለሰለሰ አቮካዶ ለበላ ሰው ስድብ ነው። ሰዉ ግን ቀጠሮ ያከብራል፣ «እረዳሻለሁ» ካለ ይረዳል። የምኖረው ፍራው ክሩገር የሚባሉ ባልቴት ያከራዩኝ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ደረጃ ላይ አስቆሙኝ።

«ሐያት፣ ትናንት እሁድ ነበር።»

«አዎ፣ ፍራው ክሩገር።»

«እሁድ ሩሄሳይት ነው።» የዝምታ ሰዓት ማለታቸው ነው። እዚህ አገር ዝምታም በሰዓት ነው።

«ቴሌቪዥኑን እኮ ድምፁን አጥፍቼው ነበር።»

«የሚሰማኝ የጣትሽ ነው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ምን እየጻፍሽ ነው?»

«እየጻፍኩ አይደለም፣ እየተደባደብኩ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ፖላንድ ካለ ሰውዬ ጋር።»

«እሱም ጎረቤት የለውም?» አሉና በራቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ፎጣ ጭኔ ላይ ደርቤ በፎጣው ውስጥ ነው የምጫወተው።

ከጅማ ልጆች ጋር በኢንተርኔትም ሞክረን ነበር። ኔትወርኩ አያደርስም። እኔ የሰነዘርኩት ቡጢ እዚያ የሚደርሰው እነሱ ሻይ ጠጥተው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ስለዚህ በየሐሙሱ የሚሰበሰብ የድብድብ ጌም ክለብ ፈልጌ ገባሁ። መሪያቸው ቶቢያስ ይባላል፣ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ከእጁ ታብሌት የማይለየው። የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ እያንዳንዱን ምት መዝግቧል፤ በስንት ቅጽበት ይወጣል፣ በስንት ይመለሳል። እኛ በዓይን ለክተን የምንሰፋውን እሱ በሜትር ለክቶ ቁጭ አድርጎታል። አደነቅኩት፣ አሁንም አደንቀዋለሁ። እሱም «ይሄን ከየት ተማርሽው?» እያለ የኔን አጨዋወት መዘገበ። ለትልቅ ውድድር አራት ሰው ይዞ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው፤ «አራተኛዋ አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም» አለኝ።

እናንተዬ፣ ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። አገር ለቆ የመጣ ሰው «አንቺ ትችያለሽ» የሚል ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ልምምድ እጀምራለሁ፣ አንዲት ኮምቦ፣ አንድ የተከታታይ ምት ቅንብር ማለቴ ነው፣ ብቻዬን፣ እጄ እስኪደነዝዝ። ስሸነፍ ራት አልበላም። ሳሸንፍም ደስ አይለኝም፣ እፎይ ብቻ ነው የምለው። ክለቡ ውስጥ ማንም ለማንም አይናገርም፤ ቶቢያስ «መረጃ አትስጡ» ይላል፣ ሁሉም ስክሪን ላይ ያፈጣል፣ የሚሳሳቅ የለም። አንድ ቀን ጆይስቲኩን ሳየው አስጠላኝ። ኦቦ ነጂብ የሰፉልኝን አልጋ ሥር ወርውሬ ተኛሁ። በጣም ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ከጅማ ይዤ ከመጣሁት ነገር ሁሉ ያላለቀብኝ ይሄ የጨዋታ ፍቅር ብቻ ነበር፣ እሱም ሊያልቅብኝ ነው።

የአራተኛው ሰው መምረጫ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። የቀረነው እኔና ስቬን ነን። ስቬን ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ በር የሚያህል ሰውዬ፣ ከኔ የባሰ የሚጨነቅ። ሳይጀመር ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። የመጀመሪያውን አሸነፍኩ።

ያን ጊዜ ሰውነቴ በራሱ ብድግ አለ። ጆይስቲኩን አስቀመጥኩና ዞር ብዬ ስቬንን፣ «ምት ከከለከልክ በኋላ ሁልጊዜ ትዘላለህ። እኔ ቆሜ ስትወርድ እጠብቅሃለሁ» አልኩት።

ቶቢያስ ታብሌቱን ይዞ መጣ። «አቋረጥሽ?»

«አላቋረጥኩም። አሸነፍኩ።»

«ታዲያ ለምን ቆምሽ?»

«ስላሸነፍኩ።»

«ሕጉ ላይ እኮ በጨዋታ መሀል ከወንበር የተነሳ እንዳቋረጠ ይቆጠራል።»

«የኛ ሕግ ላይ ያሸነፈ ነው የሚነሳው።»

«የናንተ የማን?»

ምን ልበለው? የመንደራ ቆጪ ልብስ ሰፊ ልበለው? ይቅርታ ብዬ ተቀመጥኩ። ስቬን ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልዘለለም። የቀሩትን ሁለቱንም ጨዋታ ወሰደ። ቶቢያስ «ራስሽ ነሽ የሰጠሽው» አለኝ፣ በክፋት አይደለም፣ አዝኖ ነው። ጃኬቴን አንስቼ ማንንም ሳልጨብጥ ወጣሁ፣ ትራም ፌርማታው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ኦቦ ነጂብ ደወልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስናገር ውስጤ ኩራት ኩራት ይለው ነበር፤ ሕጋቸውን በሰው አገር ጠብቄ ዋጋ ከፈልኩ፣ ያወድሱኛል ብዬ።

«ተነስተሽ ነገርሽው?»

«ነገርኩት፣ ኦቦ ነጂብ።»

«ማሻአላህ። ከዚያ እሱ ሲያሸንፍሽስ?»

«ወጣሁ።»

«ሳትቀመጪ?»

«ሳልቀመጥ» አልኳቸው።

«በምን እንዳሸነፈሽ ሳትሰሚ?» አሉ። «ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ አሸንፎ መነሳትማ ማን ይጠላል? ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ከባዱ ተሸንፎ መቀመጥ ነው። አንቺ ቀላሉን ብቻ ነው ይዘሽ የሄድሽው እንዴ?»

አነጋገራቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ ይበልጥ ያመመኝም እሱ ነው። ኩራቴ እዚያው ፌርማታው ላይ አለቀ። «ልክ ነዎት» አልኳቸው። «ቶሌ፣ እሺ፣ በይ አሁን ሱሪ የሚጠብቅ ሰው አለብኝ» ብለው ዘጉት።

ሐሙስ ደርሶ ክለቡ ሄድኩ። በቀጥታ ስቬን አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«በምን አሸነፍከኝ?»

«ቶቢያስ ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። መስማት ስላለብኝ ነው።»

ወንበሩን አስጠጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማው እንደሚፈራ ሆኖ፣ «ይዘሽ ልትጥዪኝ ስትይ ትንፋሽ ትስቢያለሽ። ይሰማኛል» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ያን ሁሉ ወር የቶቢያስን ቁጥር ስሸመድድ በአፍንጫዬ ሚስጥር እያወጣሁ ነበር። እሱም ሳቀ፣ የስቬንን ጥርስ ያኔ ነው ያየሁት። «እንጫወት» አልን። አፌን ጥርቅም አድርጌ ይዤ አሸነፍኩት፣ ተነሳሁ፣ ነገርኩት። ቀጥሎ እሱ አሸነፈ። ትንሽ ተንቆራጠጠና ያን ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ ብድግ ሲል ወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። አንዷ ልጅ መጥታ ወረፋችን ላይ ቆመች። ቶቢያስ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ ታብሌቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አላውቅም።

ክለቡ ተለወጠ ልላችሁ አልችልም። ለውድድሩ የሄደው ስቬን ነው፣ መረጃ አትስጡ የሚለው ትእዛዝም እንዳለ ነው። ግን ሐሙስ ሐሙስ የጥጉ ቴሌቪዥን አጠገብ እንነሳለን፣ እንቀመጣለን፣ እንሳሳቃለን። ራቴንም እበላለሁ።

ባለፈው ከክለብ ስንወጣ ስቬን እስከ ትራሙ ሸኘኝ። መንገድ ላይ፣ «ይሄን ያስተማረሽ ሰው ትልቅ ተጫዋች መሆን አለበት» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ናቸው» አልኩት። «በደንበኛና በደንበኛ መሀል እየመጡ አብረውን ሊጫወቱ ይቀመጣሉ። ጣታቸው የለመደው መቀስ ነው። እኔ እዚያ ቤት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን አሸንፈው ሲነሱ አይቻቸው አላውቅም።»

ስቬን ቆሞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሳቄ መሀል ላይ ተሰበረ። አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ሰብረው በምን እንዳሸነፋቸው የሚነግራቸውን አንዱን ጎረምሳ እየሰሙ ነው። ያ የሚነግራቸው ሰው እኔ ብሆን ምን ነበር አልኩ።