ምርቃቱ ይሄ ከሆነ ዋናው የት አለ?

የባቄላ እሸት ሲፈለፈል የሚወጣው እርጥብ፣ ሣር ሣር የሚል ሽታ ዛሬም ባለፈብኝ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ ሰው በእሸት ሽታ ይናደዳል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እናደዳለሁ። በደርግ ጊዜ፣ መካነ ሰላም ልጅ ሆኜ ሳድግ፣ ያ ሽታ ወደ ቤታችን ይገባ የነበረው በእትዬ ታንጉት ዘንቢል ነበርና፣ እሸቱን ሳስብ እሳቸውን፣ እሳቸውን ሳስብ ደግሞ የተደረገባቸውን አስባለሁ።

አባቴ በከተማው ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ መሬት በነበረው ጊዜ ቀለባችን ከዚያ ይመጣ ነበር ይባላል፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን መሬቱ ተወርሶ፣ እኛም እንደማንኛውም የከተማ ሰው ገዝተን የምንበላ ሆነን ነበር። እናቴ ደግሞ ካገኘችው ሁሉ አትገዛም ነበር፤ ለእሷ ደንበኛ መያዝ ማለት ዘመድ መያዝ ስለነበር፣ ገብሱም ባቄላውም ቅቤውም የሚመጣው ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው ከሚኖሩት፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳቸውን በወንድማቸው ከሚያሳርሱት ከእትዬ ታንጉት ነበር።

ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየደረሰ፣ ጤዛው ያልረገፈ ጎመን ተሸክመው ይመጡ ነበር። መስቀል ሲያልፍ እሸቱን ይዘው ይደርሱና፣ እኔና እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስንፈለፍል እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው የአገራቸውን ወሬ ያወሩልን ነበር፤ ማን ወለደ፣ የማን ላም ገደል ገባች፣ ዘንድሮ ውርጩ የትኛውን ማሳ መታ። ኅዳር ላይ ገብሱ ሲወቃ በቁና ይሰፈራል። ሰፈራው ሲያልቅ እናቴ «በይ መርቂ» ትላለች፣ እትዬ ታንጉትም ሁለት እጃቸውን ሙሉ ዘግነው ከላይ ይጨምራሉ፤ ይህ ጭማሪ ምርቃት ይባላል፣ ያለ እሱ ግዢው ግዢ አይባልም ነበር። አንዳንዴ እናቴ ረስታ ዝም ስትል እትዬ ታንጉት ራሳቸው «ምነው እታለም፣ መርቂ አትይኝም? ተቀይመሽኛል?» እያሉ ይዘግኑልን ነበር።

ከዚያ የኮታው ነገር መጣ። ገበሬ የተጣለበትን እህል በተቆረጠለት ዋጋ ለመንግሥት መጋዘን አስገብቶ ሳይጨርስ አንዲት ቁና እንኳ ለግለሰብ እንዳይሸጥ ተባለ፤ የከተማ ሰው ደግሞ ተሰልፎ ከቀበሌ ሱቅ ይግዛ ተባለ። የቀበሌው ሱቅ የሚሰጠን ስንዴ ነቀዝ የበላው፣ ጠጠሩ ከፍሬው የሚበልጥ ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚገኘው አንዳንዴ ነው። የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ጎተራ ሙሉ ንጹሕ ገብስ እያለ፣ ገዢ እያለ፣ ሻጭ እያለ፣ በመካከሉ ገመድ ወጥረው «አይቻልም» አሉ። ዋጋውን የቆረጠው ሰው ገብስ ሲታረም ጎንበስ ብሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እናቴና እትዬ ታንጉት ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሴቶች አልነበሩም። ለከተማ ሰው ማገዶ መሸጥ ያልተከለከለ ስለነበር፣ ገብሱ ስልቻ ውስጥ ገብቶ አህያ ላይ ይጫንና ከላዩ ኩበት ይከመርበታል፤ የኬላ ጠባቂ ምን ቢተጋ ኩበት ሲፈነቅል አይውልም። እንዲህ እያደረጉ ኅዳር ላይ ሁለት ጊዜ አሳለፉልን። እናቴ ኩበቱን እያራገፈች «የሰው ምግብ በከብት ፋንድያ ሥር ተደብቆ ይግባ?» ስትል፣ እትዬ ታንጉት «አብሽሪ እታለም፣ ከሥሩ ንጹሕ ነው፤ ያደፈው ከላይ ያለው ነው» ይሏት ነበር። ከላይ ያለው ሲሉ ኩበቱን ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በታኅሣሥ፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ እኔን ይዛ እሳቸው ቤት ሄደች። ገብሱ ተሰፈረ፣ ስልቻው ታሰረ፣ ኩበቱ ተከመረ፣ እናቴም የልማድ ነገር ሆኖባት «በይ መርቂ» አለች። እትዬ ታንጉት ዘገኑ፣ ስልቻው ታስሯልና ማስቀመጫ ጠፋ፣ «የልጄ ነው» ብለው በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩልኝ። እናቴ መንገድ ላይ «ይሄ ምንድን ነው ካሉሽ የገና ስጦታ ነው በይ» ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ በትክክል ደገምኩላት።

ኬላው ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ፊደል ከአባቴ እግር ሥር የቆጠረ ልጅ ነበር። እናቴን «እንደምን ዋሉ እማማ፣ የኔታ ደህና ናቸው?» ብሎ በአክብሮት ሰላም አላት፤ በዕድሜ እናቱ የሚሆኑትን እትዬ ታንጉትን ግን «አንቺ፣ ምን ጭነሻል?» አላቸው። እሳቸውም «ኩበት ነው ወንድሜ» አሉ። የኬላውን ገመድ አውርዶ ሊያሳልፈን እጁን ሰደደ፣ ወዲያው ዐይኑ ነጠላዬ ላይ ወደቀ።

«ይሄ የተቋጠረውስ?»

ስጦታ የሚለው ቃል ጠፋኝ። በጭንቅላቴ ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ምርቃትን ነው፤ ቤታችን ውስጥ ምርቃት ማለት አባቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በነጻ የሚሰጡት፣ ማንም የማይከፍልበት ነገር ስለነበር፣ ከእሱ የተሻለ መልስ ያለ አልመሰለኝም። ደረቴን ነፍቼ «አልገዛነውም፤ ምርቃት ነው» አልኩ።

ጠባቂው ፈገግ አለ። የገበሬ ልጅ ነው፤ ገበያ ያውቃል።

«ምርቃቱ ይሄ ከሆነ ዋናው የት አለ?» አለና፣ «የየኔታ ልጅ መቼም አትዋሽም» ብሎ ኩበቱን በጠመንጃው አፈሙዝ ገፋው።

ገብሱን ወሰዱት። አህያዋንም ወሰዷት። እትዬ ታንጉትን «ኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ብለው የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን አሳደሯቸው፤ በገዛ እጃቸው የዘሩትን፣ ያረሙትን፣ የወቁትን ገብስ ሰረቁ ተብለው። ሲወስዷቸው እናቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸው ግን ዞረው «ልጅቱን እንዳትቆጫት እታለም፣ አልዋሸችም» አሉ። እናቴም አልተቆጣችኝም። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ የተወሰደው ገብስ ከኮታቸው አልተቀነሰም። አባቴ ሽማግሌ ሆነው ሄደው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «የተያዘ እህል ውርስ ነው፤ ውርስ ኮታ አይሆንም» የሚል ነበር። ድጓ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው፣ የቅኔ ምስጢር የማያመልጣቸው አባቴ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ይዘው ቤት ገብተው «ሰምና ወርቁን ብፈልገው አጣሁት» ብለው ተቀመጡ። አህያዋ ግን በእሳቸው ልመና ተመለሰች።

መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ እትዬ ታንጉት ደጃችን ቆሙ። እንደ ወትሮው ዘንቢል አልያዙም፤ የያዙት ባዶ ስልቻ ነበር። ለወሬም አልተቀመጡም።

«እታለም፣ ከዚያ ኅዳር ላይ ካመጣሁልሽ ገብስ የተረፈሽ ካለ ሽጪልኝ፤ ኮታው ጎደለብኝ። ካልሞላሁ መሬቱን ለሌላ እንሰጣለን ብለውኛል። ለዘር ያስቀመጥኩትን እንኳ አስገብቼ አልሞላ አለ» አሉ።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እናቴ ጓዳ ገብታ ጋኑን ገለበጠችው፤ ለእኛ የቀረውን፣ እስከ ክረምት ያብቃቃናል ብላ በእፍኝ እየለካች የምታወጣውን ገብስ፣ ጥርግ አድርጋ ስልቻቸው ውስጥ ከተተችው። እትዬ ታንጉት ገንዘብ ለመፍታት መቀነታቸውን ሲነካኩ እናቴ እጃቸውን ይዛ መቀነቱን መልሳ ቋጠረችላቸው።

መጋዘኑ ድረስ ስልቻውን በአንድ ወገን ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። የሚዛኑ ሰውዬ ገብሱን በመዳፉ አፍሶ አየና «እንዲህ ያለ ደህና ገብስ እያለሽ ነው የለኝም የምትይው?» አላቸው። እትዬ ታንጉት ስልቻውን ወደ ሚዛኑ ገፉለት፤ እኔ ግን ያኔ ያልመለስኩለትን መልስ እስከ ዛሬ በልቤ ስመልስለት እኖራለሁ። በዚያው ሳምንት የቀበሌው ሱቅ ተከፍቶ ነቀዛሙን ስንዴ በሰልፍ ወሰድን፤ በልተን ሆዳችንን ታመምን።

እትዬ ታንጉት መሬታቸው ተረፈላቸው፣ ዘር ግን አልነበራቸውምና በዚያ ክረምት ግማሹ ማሳ ጦም አደረ። መስቀል አልፎ እሸት የያዘ ሰው አልመጣልንም።

አሁን እኔም ልጆች አሳድጌ፣ እዚያው መካነ ሰላም የገበያ ቀን ዘንቢሌን ይዤ እወጣለሁ። ከገጠር የመጣች ሴት ገብሷን ዘርግታ የፈለገችውን ዋጋ ትጠራለች፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ኑሮው ተወደደ እያልኩ አማርራለሁ፣ እከራከራለሁ፣ አንዳንዴም እሸነፋለሁ። አንዳንዷ ደግሞ ዋጋው አልጥም ሲላት «አልሸጥም» ትልና እህሏን መልሳ ጠቅልላ፣ አህያዋ ላይ ጭና፣ ወደ ቤቷ መንገድ ትጀምራለች። ሌላው ገዢ «ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!» እያለ ይናደዳል። እኔ ግን ባዶ ዘንቢል ይዤ ቆሜ፣ መንገዱ እስኪሰውራት ድረስ አያታለሁ፣ ማንም አያስቆማትም።