እማማ፣ ያስታጥቡኝ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተጀመረው። ዘመሮ ከተማ፣ አማቴ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር። የአሥር ወር ልጄ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እየዳኸች ወደ እኔ ስትመጣ ድንገት ጮኸች። ጉልበቷ ተልጧል፤ መሃሉን ሹል ድንጋይ የጥፍር ያህል ቆርጦታል።

አማቴ ከቤት ወጡ፤ ሊጠይቋቸው የመጡት ጎረቤታቸውም ተከተሏቸው። አማቴ እጃቸውን ጨብጠዋል። ሳይከፍቱት አወቅኩት፤ የተወቀጠ ቡና ነው። በእኛ አገር ደም ሲታይ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቡናው ጣሳ ነው።

«አምጫት፣ ልነስንስባት።»

በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ስኖር ከ«እሺ» ሌላ መልሼላቸው አላውቅም። ሲያናግሩኝ መሬት አያለሁ፤ ማዕድ በቀረበ ቁጥር አስታጥባቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ፊት ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ድምፄ እሳቸው ፊት አይወጣም።

«አይሆንም፣ እማማ። ይታጠባል።»

«ቁስል ውሃ ከነካው ያመረቅዛል!» አሉ ጎረቤቲቱ።

«በሳሙናም ነው የማጥበው።»

«ጭራሽ ሳሙና!» አማቴ ደረታቸውን ያዙ። «ቁስል ሳሙና ከሸተተው እንደሚብስ አታውቂም?»

«እኛ ዩኒቨርሲቲው ስለ ተራራ ያስተማራት መስሎን፣» ብለው ጎረቤቲቱ ሳቁ፤ «ለካ ስለ ጉልበትም ያስተምራል!»

«አምስት ልጅ በቡና አድኜ አሳድጌያለሁ፣» አሉ አማቴ። « ቢያመረቅዝባት ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ።»

ደሙ እስኪቆም በንጹህ ጨርቅ ተጫንኩት። እጄን ታጥቤ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ሳሙና ነክቼ አጠብኳት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወጣች። ልጄ አንገቴ ስር እየጮኸች በፋሻ ሸፈንኩላት። አማቴ ቡናውን ወደ ጣሳው መለሱ።

ነገሩ ስለ አንድ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ልጄን ሳል በያዛት ቁጥር «እንጥሏ ይቆረጥ» የሚለው ወሬ በዚያ ቤት ይነሳል። ዛሬ በአንድ ጭብጥ ቡና ከተረታሁ፣ ምላጭ የመጣ ቀን «አይሆንም» ብል ማን ይሰማኛል?

እሁድ ማለዳ ፋሻውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አልቀላም፣ አላበጠም። ለብቻዬ አጥቤ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አማቴና ጎረቤቲቱ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ጠበቅኩ። ሳሙናውንና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያለበትን ማንቆርቆሪያ ይዤ፣ ሁሉም የሚያልፍበት ደጃፍ ላይ ልጄን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

«ዛሬም?» አሉ አማቴ።

«ዛሬም።»

ማንቆርቆሪያውን ዘረጋሁላቸው። መሬት ሳይሆን ዓይናቸውን እያየሁ፣ «እማማ፣ ያስታጥቡኝ» አልኳቸው።