የተቆረጠው የስም ዝርዝር

ጋሻዬ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው። እሱ ግን ከሽመናው ይልቅ ወደ ኮምፒውተር አደላና ሴቻ በሚባለው የከተማው ሰፈር በአንድ የነርሶች ማሰልጠኛ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። የሚያውቁት ሁሉ "ጎበዝ ሠራተኛ" ይሉታል። ከ2003 ዓ.ም. መስከረም ወዲህ ግን ይህን ሲሉት አንገቱን ይደፋል።

ለሥልጠና የተመረጡትን ልጆች ስም ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ላይ ያወጣዋል። የጋሻዬ ሥራ ፋይሉን አውርዶ፣ አትሞ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው። መስመሩ ዝናብ ሲጥል ይቆረጣል፤ ሳይጥልም ይቆረጣል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቢሰለቸው ትእዛዞቹን በተራ ጽፎ አንድ ስክሪፕት አዘጋጀ። ስክሪፕቱ ፋይሉ መውጣቱን በየሰዓቱ ያያል፤ ሲያገኘው ያወርዳል፤ ወደ ፕሪንተር ይልካል። ፋይሉ አንዴ ከተገኘ ሥራው አለቀ ብሎ ይቆማል።

ማውረዱ እስከ መጨረሻው መድረሱን የሚያረጋግጥ መስመር ግን አልጻፈበትም። አላውቅም ነበር እንዳይል ያውቃል። የማውረጃው ትእዛዝ ሲሳካለት ዜሮ፣ ሲሰናከል ሌላ ቁጥር እንደሚመልስ አንብቧል። "ነገ እጨምረዋለሁ" አለ። ያ ነገ ሁለት ዓመት ፈጀ።

በ2003 መስከረም ዝርዝሩ የወጣ ቀን ጋሻዬ ሲገባ ወረቀቱ ታትሞ ጠበቀው። አንሥቶ ለጠፈው። ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ ወደ መስኮቱ መጣች። እታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ሱቅ ያላቸው የጋሽ ጀይሉ ልጅ ዙሁራ ነበረች።

"ወንድም፣ ዝርዝሩ ይሄ ብቻ ነው?"

"ይሄው ነው።"

"ፈተናው ጥሩ ሆኖልኝ ነበር። ምናልባት ሌላ ገጽ ካለ…"

"እህቴ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ይሄው ነው አልኩሽ እኮ።" ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ልጅቷ ተመልሳ ሰሌዳው ፊት ጥቂት ቆመችና ሄደች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ልክነሽ ጠሩት። "ከአዲስ አበባ ደውለው ነበር። አንዲት ልጅ ሳትመዘገብ ቀነ ገደቡ አለፈ፤ ቦታዋን ለተጠባባቂ ሰጥተናል ይላሉ። ዙሁራ ጀይሉ የምትባል።"

ጋሻዬ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ። ፋይሉን እንደገና አውርዶ ከተለጠፈው ጋር አስተያየው። ስሞቹ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። የተለጠፈው ወረቀት ወልደ ሚካኤል የሚል ስም ላይ ያበቃል፤ የልጁ ውጤት እንኳ አልተጻፈም፤ መስመሩ እመሃሉ ተቆርጧል። ከዚያ በታች ስምንት ስሞች ቀርተዋል። ሰባቱ አዲስ አበባ ባሉ ዘመዶቻቸው በኩል ሰምተው ደርሰዋል። ዙሁራ የሚነግራት አልነበረም።

ለወይዘሮ ልክነሽ ሁሉንም ነገራቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ኔትወርክ ነው በል" አሉት። "የዚህ አገር ሰው ኔትወርክ ተቆረጠ ሲባል ማንን ይጠይቃል?"

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አይጠይቅም ነበር። ጋሻዬ ሁለት ቀን በዚህ ቃል ተጠልሎ ዋለ። ማታ ማታ ግን መስኮቱ ላይ ያልተመለከተው ፊት ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ይሞክራል፤ አይመጣለትም። ይህ ከሁሉ ባሰበት።

በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲቀላ ወረደ። ጋሽ ጀይሉ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ።

"ጋሽ ጀይሉ፣ ልጅዎ አልፋ ነበር። ስሟን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "ዝርዝሩ የወጣ ሰሞን ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም" አሉ። "እኔም አላጠናሽም ብዬ ተቆጥቻታለሁ።"

ዙሁራ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች። "ጠይቄህ ነበር" አለችው።

ጋሻዬ ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ደብዳቤ በስሙ ጽፎ አዲስ አበባ ድረስ ይዞ ሄደ። በዚያ ዓመት ቦታ አልተገኘም። ፈተና ሳትደግም በሚቀጥለው ዓመት ትግባ የሚል መልስ ግን አገኘ። ለእሱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ማስጠንቀቂያው ሳያንስብኝ አይቀርም ብሎ አሰበ።

ያን ዓመት ዙሁራ ሱቅ ውስጥ ስኳርና ሳሙና ስትሸጥ ከረመች። ጋሻዬ ሲቀላ ሲወርድ መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ጠርዝ ያልፋል። አንድ ቀን ጋሽ ጀይሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩት።

"አንተ ጋሻዬ! እስከ መቼ ነው የምትሸሸን? የበደለ ሰው ሲሸሽ የተበደለውን ሌባ ያስመስለዋል። ና ግባ!"

ገባ። ዙሁራ የሒሳብ ደብተሯን አጠፈችና "እስቲ አስረዳኝ" አለችው። "ስሜ የት ነው የጠፋው?"

የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ቀደደችለት፤ እየጻፈ አስረዳት። ፋይሉ ሲወርድ መስመሩ ተቆረጠ። ስክሪፕቱ ግማሹን እንደ ሙሉ ቆጥሮ ወደ ማተሚያው አለፈ። አሁን ግን አስተካክሎታል፤ ስክሪፕቱ በቅድሚያ በጊዜያዊ ስም ያወርዳል፤ ትእዛዙ ዜሮ ካልመለሰ ጥቂት ቆይቶ ካቆመበት ይቀጥላል፤ አምስት ጊዜ ሞክሮ ካቃተው ምንም ሳያትም ያቆምና ያሳውቀዋል። ከወረደም በኋላ መጠኑን ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል። እኩል ከሆነ ብቻ ትክክለኛውን ስም ሰጥቶ ያትመዋል።

ዙሁራ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"ይሄን ሁሉ ለመጻፍ ስንት ቀን ፈጀብህ?"

"አንድ ከሰዓት በኋላ።"

ቀና ብላ አየችው። የተቆጣች አትመስልም፤ ይህ ደግሞ ይብስ ከበደው። ገበያተኛ መጥቶ ሳሙና ሲጠይቅ ተነሥታ ሄደች።

በ2004 ዓ.ም. መስከረም ሥልጠናዋን ጀመረች። ጋሻዬ መሄዷን የሰማው ከአባቷ ነው። ደስ አለው፤ ደስታው ግን ሙሉ አልሆነለትም። ጓደኞቿ ሁለተኛ ዓመት ሲገቡ እሷ ገና አንደኛ ብላ መጀመሯን ያውቃል።